ላየንሃርት፦ ከባርሴሎና ከወጡ በኋላ ሞት ሲደጋገም (ችግርና መፍትሄ)

ይህ ጽሑፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ላየንሃርት፦ ሌጋሲ ኦቭ ዘ ክሩሴደር» ለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ነው። ሪፍሌክሲቭ ኢንተርቴይንመንት ሠርቶት በብላክ አይል ስም ኢንተርፕሌይ ያወጣው ይህ ጨዋታ የአውሮፓን ታሪክ ከሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል። በንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ዘመን የተፈጸመ አንድ ሥርዓት አጋንንትንና ምትሃትን ወደ ዓለም አስገብቷል፤ ተጫዋቹም ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በባርሴሎና የሚነሣ የንጉሡ ዘር ነው። የስክሪን ካርዱ ድራይቨር መጫኑንና በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን አስቀድመው አይተዋል በሚል እጀምራለሁ።

ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ቀለሙ ይዘበራረቃል

ጨዋታው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተሠራ በመሆኑ አዲሱ ዊንዶውስ የሥዕል ትእዛዞቹን ሁልጊዜ በትክክል አያስተናግድም። የማስነሻ ፋይሉን በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይግቡ፤ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ክፍልም ዊንዶውስ ኤክስፒን ይምረጡ። በዚህ ካልተስተካከለ ዲጂቩዱ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የቆየውን የዳይሬክትኤክስ ትእዛዝ ለአዲስ ካርድ በሚገባው መንገድ ያቀርበዋል። በጨዋታው መካከል በኦልት ታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም መውጣት እንዲህ ያሉ የቆዩ ጨዋታዎችን ሊያደርቅ ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

ሴቭ የተደረገው ይጠፋል

ጨዋታውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አይጫኑ። ቪስታ ከተባለው ዕትም ወዲህ ዊንዶውስ የቆየ ፕሮግራም እዚያ ሊጽፍ ሲሞክር ፋይሉን ሳይናገር ቨርቹዋልስቶር ወደተባለ ፎልደር ያዞረዋል፤ ተጫዋቹም በሚያውቀው ቦታ ፈልጎ ያጣዋል። በሲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ከፍተው እዚያ ይጫኑት።

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞረው ቅጂ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መጠኑን ለማሳነስ ሲባል ድምፁና ቪዲዮው የተቆረጠበት፣ አንዳንዴም ቫይረስ የተለጠፈበት ቅጂ ይዞ «ለምን ተቋረጠብኝ?» ብሎ መጠየቅ የራስንም የሌላውንም ጊዜ ማባከን ነው። ጨዋታው ጎግ በተባለው የኢንተርኔት መደብር በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል፤ እንዲህ ያለውን ቅጂ ከመጠገን ያንን መግዛት ይቀላል።

ባርሴሎና ውስጥ ደህና የነበረው ገጸ ባሕርይ ከከተማው ሲወጣ በየጥቂት እርምጃው ይሞታል

ሰዎች ደጋግመው ይዘውት የሚመጡት ችግር ይህ ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው። የክህሎት ነጥቡ ጨዋታው በኋላ በሚጠይቀው ቦታ ላይ አልዋለም።

ባርሴሎና በንግግር የምትመራ ከተማ ናት። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ምክር ይሰጣል፣ ማኪያቬሊ፣ ሰርቫንቴስና ጋሊሊዮ የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው፣ ቴምፕላሮች፣ የሳላሃዲን ፈረሰኞችና ኢንኩዊዚሽን የተባሉት ማኅበሮችም ተጫዋቹን አባል ለማድረግ ይሻኮታሉ። አብዛኛው ጉዳይ በአንደበት ወይም ቁልፍ በመክፈት ስለሚያልቅ ተጫዋቹ ነጥቡን ወደ ስፒች (ንግግር)፣ ወደ ባርተር (ንግድ) እና ወደ ሎክፒክ (ቁልፍ መክፈት) ያፈሳል። ከዚያ መንገዱ ወደ ፈረንሳይ፣ ኖስትራዳመስ ወዳለበት ሞንታዩ ሲያመራ ንግግሩ እየሳሳ ይሄድና ጉዞው ከሞላ ጎደል ውጊያ ብቻ ይሆናል። ወጥመዱ በተለይ ፎልአውት የተባለውን የቆየ ጨዋታ የሚያውቁትን ይይዛል፤ ላየንሃርት ስፔሻል የተባለውን የክህሎት አሠራር የወሰደው ከዚያ ስለሆነ፣ በፎልአውት በአንደበቱ የሚያድር ገጸ ባሕርይ እዚህም የሚያድር ይመስላቸዋል። እዚህ ውጊያው ተራ የሚጠብቅ አይደለም፤ ጭራቆቹም በአንድ ጊዜ እየጎረፉ ይመጣሉ።

አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ የመጣው ጨዋታው «እየተንቀራፈፈ ስለሚያስገድለው» ነበር። አንድ ጥገና ቤት ራሙ አነሰ ብሎ ሌላ ራም ሸጦለታል፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም። የገጸ ባሕርይውን ገጽ ከፍቼ ሳይ ከሪዝማው (ሰውን የመማረክ አቅሙ) ከሁሉ የላቀ ነው፣ ስፒችና ባርተር ተራራ አክለዋል፤ በእጁ ሰይፍ ይዞ እየተዋጋ በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ ክህሎቱ ግን ጨዋታውን ከጀመረበት ፈቅ አላለም። ሰይፉ በተሰነዘረ ቁጥር አየር ይቆርጣል። ምንም ራም ይህንን አያስተካክለውም፤ ገጹን ከፍቶ ሳያይ ዕቃ የሸጠለት ሰውም አሳዝኖኛል።

ሁለተኛው መልክ ነጥብን መበተን ነው። አንዲት ተጫዋች ለሰይፍ ጥቂት፣ ለቀስት ጥቂት፣ ከድግምት ቅርንጫፎች ደግሞ ለሐሳብ ድግምትና ለጎሣ ድግምት እንዲሁ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ሁሉንም ለመቻል ሞከረች። በዚህ ጨዋታ ከፍ ያለው ድግምት የሚከፈተው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ነጥብ ሲከማች ብቻ ስለሆነ፣ አራት ዓይነት ማጥቂያ ኖሯት አንዱም ጠላት የሚጥል አልነበረም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ሴቭ ብቻ እየደረበ ሲጫወት ቆይቶ፣ መድኃኒቱ አልቆ በጭራቆች በተከበበበት ሰዓት ደረበባት። ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይሞታል፤ ከአዲስ ከመጀመር በቀር የማደርግለት ነገር አልነበረም። እባክዎ አንድ ሴቭ ብቻ ይዘው አይጫወቱ። ወደ አንዱ ማኅበር ከመግባትዎ በፊት ለብቻው ሴቭ ያድርጉ፤ ከባርሴሎና ሲወጡ ያደረጉትን ደግሞ እስከ መጨረሻው አይንኩት።

መፍትሄው ገና ለሚጀምር ሰው ቀላል ነው። ገጸ ባሕርይውን ሲፈጥሩ አንድ ማጥቂያ ብቻ ይምረጡ፤ የአንድ እጅ መሣሪያ፣ የሁለት እጅ መሣሪያ፣ ቀስት ወይም አንድ የድግምት ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ትልቁን ድርሻ ለእርሱ ይስጡ። ሰይፍ የመረጡ ከሆነ ከእርሱ ቀጥሎ ኢቬዥንን (ከጥቃት ማምለጥን) ያሳድጉ፣ ኢንዱራንስንም (ጽናትን) ዝቅ አያድርጉ። ስፒችን እርግፍ አድርገው ይተዉ አልልም፤ የባርሴሎና ጭውውት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ሀብት ነውና ጥቂት ማዋል ተገቢ ነው። ነገር ግን ስፒች ከማጥቂያዎ በላይ ከፍ ካለ አደጋ ላይ ነዎት።

ከተማውን ለቆ ለተቸገረ ሰው ነገሩ ከበድ ይላል፤ አንዴ የወጣን ነጥብ መልሶ ማደል በጨዋታው ውስጥ የለም። ከባርሴሎና ከመውጣትዎ በፊት ያደረጉት ሴቭ ካለ ወደ እርሱ ተመልሰው የቀሩትን ጉዳዮች ሁሉ ይጨርሱ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ልምድ፣ ልምዱም ደረጃ፣ ደረጃውም ነጥብ ያመጣል። ከዚያ በኋላ የሚያገኙትን ነጥብ ሁሉ ያለ ምሕረት በአንድ ማጥቂያ ላይ ያፍስሱ። ባርተር ላይ ነጥብ ያባከነ ሰው ቢያንስ ገንዘብ ይኖረዋልና የጤና መድኃኒትና ጥሩ ጥሩር ይግዛበት። ሜዳ ላይ ቆመው አይዋጉ፤ ወደ ጠባብ በር እያፈገፈጉ ጠላቶቹ አንድ በአንድ እንዲመጡ ያድርጉ።

የዘር ምርጫም አልፎ አልፎ ያስቸግራል። ዴሞኪን፣ ፌራልኪን ወይም ሲልቫንት ከተባሉት ከሰው ሌላ ከሆኑ ዘሮች አንዱን ሆነው ኢንኩዊዚሽን ፊቱን ቢያዞርብዎ ብልሽት አይደለም፤ ንጹሕ ሰው ያልሆነውን ሁሉ የሚጠረጥር ማኅበር ነው።

ወደ ሞንታዩ ለመሄድ መድረስዎን የሚለኩት ከባርሴሎና ቅጥር ውጭ ባሉት ዱሮችና ዋሻዎች ነው። አንዱን ዋሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጽድተው ሲወጡ ከያዙት መድኃኒት ግማሹ ከተረፈዎት ይሂዱ። በአንድ ዋሻ መድኃኒቱ ሁሉ ካለቀ ግን የቀረውን ዱር እየተዋጉ ሁለትና ሦስት ደረጃ ያክሉና ሌላ ዋሻ ገብተው እንደገና ይለኩ።