አዲስ ታቱ በድሬ ሙቀት፦ ሲያዥ፣ ሲያሳክክ፣ ሲያብጥ ምን ይደረግ?

ከዚራ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ታቱ ያሠሩ ልጆች ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብቅ ይላሉ። የሚሉትም አንድ ነው፦ «አቦ፣ ቴትራሳይክሊን ስጠኝ።» እኔ ግን መጀመሪያ ክንዳቸውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጣቸው ነገር ምንም አይደለም። ቸል የሚሉት ነው የሚያሳስበኝ።

ታቱ ቁስል ነው። መርፌው ላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ቀለሙን ከሥሩ ያስቀምጠዋል። ላይኛው ቆዳ እስኪድን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ድሬ ላይ ደግሞ ላቡም አቧራውም አለ።

«ወንበሩ ላይ እያለሁ አዞረኝ»

ባዶ ሆድ ነው። ወይ ውሃ አልጠጣችሁም። ቅመው የሚሄዱም አሉ፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትም ይጨምራል። ከመሄዳችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት ደህና ምሳ ብሉ። ጫቱና መጠጡ ለዚያ ቀን ይቅር። ካዞራችሁ ቶሎ ተናገሩ፤ ተጋድማችሁ እግራችሁን ከፍ አድርጉ።

እዚያው ሳላችሁ ዓይናችሁ መርፌው ላይ ይሁን። ከታሸገበት ፊታችሁ መከፈት አለበት። ቀለሙም አዲስ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይቀዳ። ሠሪው «መርፌውን ቀቅዬዋለሁ» ካላችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም በመርፌ ይተላለፋሉ። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

«ያዣል፣ ቀለሙም አንሶላዬን ነካው»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እንዲህ ነው። ቀለም የተቀላቀለበት ቀጭን ፈሳሽ ይወጣል። ቀለሙ አልቆ አይደለም፤ ትርፉ ነው የሚወጣው። እጃችሁን ታጠቡና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በመዳፋችሁ ብቻ እጠቡት። ጠዋትና ማታ ይበቃል፤ በጣም ካላባችሁ አንዴ ጨምሩ። በንጹሕ ሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፣ አትሹት።

የሮቶ ውሃ ቀትር ላይ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ቀድታችሁ አቀዝቅዙት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደፍርሶ ከመጣ ደግሞ የፈላና የበረደ ተጠቀሙ።

«ልብሴ ተጣበቀበት»

አንድ የሳቢያን ልጅ እናቱ እንዳታይበት ብሎ በግንቦት ሙቀት እጅጌው ረጅም የሆነ ናይለን ሸሚዝ ለብሶ ሰነበተ። ወደኔ ሲመጣ ጨርቁ ከክንዱ ጋር ደርቋል። ጫፉን ይዞ ሊገነጥለው ሲል እጁን ያዝኩት። ፋሻ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ነክሬ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሲደርቅ ደግሜ አራስኩት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጨርቁ ራሱ ለቀቀ። ገንጥሎት ቢሆን ቅርፊቱ ከነቀለሙ ይነሳ ነበር።

መፍትሔው ሰፊ ጥጥ ነው። ሴቶች ድሪያ ይልበሱ። እግሩ ላይ ያሠራ ወንድም ቤት ውስጥ ሽርጥ ያድርግ። በፌስታል ጠቅልሎ መዋል ግን አይሆንም፤ ላቡን እዚያው ያምቀዋል።

«ትናንሽ ብጉር ወጣብኝ»

ቫዝሊን በዝቷል። ቆዳው ካብለጨለጨ ሶፍት አድርጋችሁ ትርፉን አንሱለት። ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ይበቃል። ሐረር ያለ ጓደኛችሁ «ደጋግመህ ቀባ» ቢላችሁ ለእሱ ልክ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ትቀዘቅዛለች፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ቆዳው በላብ ርሶ ነው የሚውለው።

«ያሳክካል፣ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል»

ከአምስተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት የሚጠበቅ ነው። አትከኩት፣ አትላጡት። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ብታስቀምጡበት ጋብ ይላል። ቅቤ፣ ማር፣ አመድ አይነካው። አልኮልም ያደርቀዋል።

«ያቃጥላል፣ ያበጠውም እየሰፋ ነው»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቦታው ማበጡና መሞቁ ያለ ነው፤ ግን ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ሁሉ «ይቀላል» ይላል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ አይታይም። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ዳስሱት። ከሌላኛው ክንድ በጣም ይሞቃል? ይጠጥራል? ሲነካ ያማል? ያበጠበትን ዳር ዳሩን በእስክሪቢቶ አስምሩበት። በማግስቱ ከመስመሩ ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መግል፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወደ ብብት የሚወጣ መስመር ካለ ማግስቱን አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ከባለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ። የዓይን ቴትራሳይክሊንም ለዚህ አይደለም። ለሐኪሙ ታቱ መሆኑንና የተሠራበትን ቀን ንገሩት። ብዙዎች የሚዘገዩት ቤተሰብ እንዳይሰማ ነው። እናታችሁ ትቆጣ ይሆናል፤ ግን ክንዳችሁ አብጦ ከምታይ ዛሬ ብትቆጣ ይሻላታል።

«ከዳነ በኋላ ቀዩ ብቻ ያብጣል»

ቆዳችሁ ቀለሙን አልወደደውም፤ ቀይ በዚህ ይታወቃል። የቆዳ ሐኪም ይየው። ጠባሳው ከመስመሩ አልፎ ካበጠ ደግሞ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ስትበሱ ወይም ስትቆረጡ እንዲህ ያለ ጠባሳ ወጥቶባችሁ ከነበረ፣ ከመጀመሪያውም ታቱ ባይሠራባችሁ እመክራለሁ።

«ቀለሙ ቦታ ቦታ ላይ ጠፋ»

ሳይድን ምንም አይባልም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያም ክፍተቱ ካለ እዚያው ያሠራችሁበት ሄዳችሁ አስሞሉት። መስመሩ እንደ ወረቀት ላይ ቀለም ከተንጣለለ ግን መርፌው ጠልቆ ገብቶ ነው፤ ቅባት አያስተካክለውም።

እስኪድን ድረስ የፀሐይ መከላከያ አትቀቡ፣ በልብስ ሸፍኑት። ከዳነ በኋላ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ተጠቀሙ። ባጃጅ ውስጥም ስትቀመጡ ፀሐይ በማይመታው በኩል ሁኑ።