የተጠገነው መጽሐፍ ለምን ተመልሶ ይመጣል? ለቤተ መጻሕፍት የጥገና ክፍል ኃላፊዎች ችግርና መፍትሔ

በድሬዳዋ ወይም በሐረር በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍና የወረቀት ጥገና ክፍልን ምሩ ተብላችኋል እንበል። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ክምሩ ላይ ነው። ሽፋኑ የወለቀ፣ ገጹ የረገፈ፣ ብል የበላው። እጅ ቶሎ ወደ ብሩሽና ኮላ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የተጀመረው ሌላ ቦታ ነው። መደርደሪያ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጣሪያ ሥር፣ ግዢ ክፍል። የኃላፊው ዋና ሥራ ያንን ቦታ ማግኘት ነው።

ምልክት፦ የተጠገነው መጽሐፍ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ተበትኖ ይመለሳል

በብዛት እንዲህ የሚሆነው ወፍራም የሕክምናና የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ነው። እንደገና ከመለጠፋችሁ በፊት የት ጋ እንደተሰበረ እዩ። መሐሉ ላይ ለሁለት ከተከፈለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ተደፍቶ በእጅ ተጭነውታል። የጀርባው አናት ከተቀደደ ተማሪው ከመደርደሪያ የሚያወጣው አናቱን ይዞ እየጎተተ ነው። ይህ የሚመጣው መደርደሪያው ከመጠን በላይ ሲጠቀጠቅ ነው። ገጾቹ እንደተያያዙ ከሽፋኑ ከወጡ ደግሞ ችግሩ ክብደት ነው። መደርደሪያው ስላጠረ ትልቁን መጽሐፍ ጀርባውን ወደ ላይ፣ የሚከፈትበትን ጠርዝ ወደ ታች አድርገው አቁመውታል። የገጾቹ ክብደት ራሱ ከሽፋኑ እየጎተተ ያወጣቸዋል።

በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ ከሆነ በአሮጌው ሙጫ ላይ አዲስ ኮላ አትደርቡ። አሮጌው ደርቆ ሲሰነጠቅ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። አሮጌውን አንሱ፣ ገጾቹን አስተካክሉ። ከዚያ ክምሩን ወደ አንድ ጎን አጋድላችሁ ጠርዙን በስሱ ቀቡ። ወደ ሌላው ጎን አጋድላችሁ ድገሙ። ኮላው በእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ ትንሽ ገባ ስለሚል ገጹ አይረግፍም። ጀርባው ላይ ስስ ጨርቅ ለጥፋችሁ በክብደት ሥር አሳድሩት። በክር የተሰፋ መጽሐፍ ከሆነ ግን ጀርባውን አትቁረጡ። ስፌቱ ከማንኛውም ሙጫ ይበልጣል።

ከዚያ ተነሱና ወደ መደርደሪያው ሂዱ። በየረድፉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ትልልቁ መጽሐፍ ይተኛ። የፎቶ ኮፒ ሠራተኛውን አነጋግሩት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም መጽሐፍ የሚጫነው፤ ወረፋው ስለሚያጣድፈው ነው። ጥገና መዝገባችሁ ላይ «ምክንያት» የሚል አምድ ጨምሩ። አንድ ምክንያት ሲደጋገም ለአለቃ የምታሳዩት ማስረጃ ይኖራችኋል።

ምልክት፦ ገጹ ላይ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ መስመር

ስኮች ነው። በቅንነት የተለጠፈ ነው። ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ይቢጫል፣ ፕላስቲኩ ሲረግፍም እድፉ ይቀራል። ከሁሉም የመጽሐፍ ማዋሻ ጠረጴዛዎች ላይ ስኮቹን አንሱ። በምትኩ የተገነጠለ ገጽ የሚገባበት ፖስታ አስቀምጡ። ቅዳዱ በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ይጠገናል። ይህ ማጣበቂያ ወደፊት በውኃ ሊነሳ ይችላል።

ምልክት፦ ማጣበቂያው በማግስቱ ይቀጥናል፣ ይሸታል

በድሬ ሙቀት የሚጠበቅ ነው። አንዱ ምክንያት በአንድ ጊዜ ብዙ መሥራት ነው። ሌላው በስታርች ፈንታ ዱቄቱን እንዳለ መጠቀም ነው። ዱቄት ግሉተን አለው። ግሉተን ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ነፍሳትንም ይጠራል። ስታርቹን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የስንዴ ዱቄት አቡክታችሁ ሊጡን ውኃ ውስጥ እሹት። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ተለጣጩ ግሉተን ነው። ውኃውን ያነጣውና ሲያርፍ ከሥር የሚዘቅጠው ስታርቹ ነው። ለአንድ እጅ ስታርች አራት ወይም አምስት እጅ ውኃ ጨምራችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉት። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አሳልፉት። ጠዋት ጠዋት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ።

ምልክት፦ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ሲነካ ይሰበራል

ምክንያቱ ከእንጨት የተሠራው ወረቀት ውስጥ ያለው አሲድ ነው፤ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። እንደ ሻካራ ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኬሚካል ለውጡ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ምርጫ ካላችሁ ብርቅዬውን ወረቀት ሐረር አስቀምጡት። የተሰባበረውን መለጣጠፍ አያዋጣም። ኮፒ ወይም ስካን አድርጉት፣ ዋናውን ሣጥን ውስጥ አሳርፉት።

ምልክት፦ ሻጋታ

የሐረር ቅዝቃዜ መጥፎ ጎንም አለው፤ ክረምት ላይ እርጥበት ይከተለዋል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ይነሳል። ድሬዳዋ ደረቅ ናት ብላችሁም አትተኙ። የሚያንጠባጥብ ኤሲ ወይም በየቀኑ በብዙ ውኃ የሚታጠብ ወለል ይበቃል።

ሻጋታው ሲነካ የሚለቀለቅ ከሆነ ሕያው ነው። ለዩት፣ አድርቁት፣ በደረቅ ሁኔታ ላይ እያለ ብቻ ጭንብል አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በረኪና አታስጠጉ። ከዚያ መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አርቁት፣ ጣሪያውን የሚያሠራውን ክፍል በደብዳቤ ጠይቁ። ያ ካልተደረገ ብሩሻችሁ በየክረምቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ምልክት፦ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት፣ ወይም ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር

ዱቄቱ የብል ነው፤ የጭቃው መስመር የምስጥ መንገድ ነው። ምስጥ ከመሬት ስለሚመጣ መጽሐፉን ማከም ብቻ ዋጋ የለውም። መደርደሪያውን ከግድግዳና ከወለል አለያዩ፣ የሕንፃውን ሰዎች ጥሩ። ብል የገባበትን መጽሐፍ ግን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት። መብራት ከጠፋና ከሟሟ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ስታወጡት ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ ቀድማችሁ ከከፈታችሁ እርጥበት ያርፍበታል። ብራናና ሥዕል ያለበትን ባለሙያ ሳታማክሩ አታስገቡ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለእህል የሚገዛውን የነቀዝ ክኒን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አታስገቡ። የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ ሰው ይገድላል።

ምልክት፦ የጠየቃችሁት ካርቶን ሳይሆን ሌላ መጣ

ይህ በጣም ያደክማል። ለብርቅዬ መጽሐፍ ሣጥን መሥሪያ ጠይቃችሁ የጫማ ካርቶን ዓይነት ይገባል። ግዢ ክፍልን ከመውቀሳችሁ በፊት ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁ እዩ። «ጠንካራ ካርቶን» ከተባለ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል። ስፔሲፊኬሽኑ የሚለካ ነገር ይናገር፦ ከሊግኒን (ወረቀትን ከሚያቢጨው የእንጨት ንጥረ ነገር) ነጻ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.5 እስከ 9.5፣ ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት፣ ውፍረቱ በሚሊሜትር። ከግዢ በፊት ናሙና እንዲቀርብና ክፍላችሁ እንዲፈርም ጠይቁ። የጃፓን ወረቀትን የመሰለው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ጊዜ ይወስዳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ግንቦት ላይ የተጻፈ ጥያቄ አይደርስም። ሐምሌ እንደገባ ጻፉ።

ምልክት፦ አሮጌ ኪታብ «አምሮበት» ከጥገና ወጣ

የሚያስለቅሰኝ ይሄኛው ነው። ኪታብ ስል በዐረብኛ ፊደል በእጅ የተጻፈ የእስልምና መጽሐፍ ማለቴ ነው። ዳርቻው ተከርክሟል፣ አዲስ ሽፋን ተገጥሞለታል፣ አሮጌው ቆዳ የት እንደገባ አይታወቅም። ሠራተኛው ሰነፍ አይደለም። ምናልባት ማተሚያ ቤት የሠራ ጎበዝ ጠራዥ ነው፤ እዚያ ጥሩ ሥራ ማለት አዲስ የሚመስል ሥራ ነው። እዚህ ግን ዳርቻው ላይ የባለቤት ስም፣ የወቅፍ (ለሃይማኖት አገልግሎት የተሰጠ ስጦታ) ቃል፣ የተማሪ ማስታወሻ አለ። የሐረር ጠራዦች የቆዳ ሽፋን፣ የታተመበት ጌጥ፣ ገጾቹን የሚሸፍነው ተቀጥላ ክዳን ራሱ ታሪክ ነው።

መፍትሔው ቁጣ አይደለም። ሠራተኛውን በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ውሰዱት፤ ኪታቦቹን ከነጥራዛቸው ይያቸው። ከዚያ ሕግ አውጡ። ፎቶ ሳይነሳ ምንም አይፈታም። ምንም አይከረከምም፣ ምንም አይጣልም። ገጾቹ ከተዘበራረቁ ከገጹ ግርጌ ያለውን የመያዣ ቃል ተከተሉ፤ የሚቀጥለው ገጽ በዚያው ቃል ይጀምራል። ቀለሙን ሳትፈትኑ እርጥብ ነገር አታስጠጉ፤ የጥላሸት ቀለም በውኃ ሊለቅ ይችላል። እጃችሁ ካላመነ ልክ ያለው ሣጥን ሠርታችሁ መጠበቅ ሙሉ ሥራ ነው።

ምልክት፦ ክምሩ አይቀንስም

ሁሉንም በመጣበት ተራ ስለምትሠሩ ነው። ብዙ ቅጂ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ከ15 ደቂቃ በላይ ጊዜ አይውሰድ። በዚያ ካልዳነ ይተካ። ዩኒቨርሲቲው ብቻ ያለው ይቅደም። የቀድሞ ተመራቂዎች ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል፤ ያው ቴሲስ ግን ብዙ ጊዜ በርካሽ ሙጫ ተጠርዞ መጋዘን ይጣላል። እኔ ብሆን ከኪታቡ ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ምልክት፦ ውኃ ገባ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ያጠቃበትን ሌሊት የከተማው ሰው አይረሳም። ምድር ቤት ያለ መጽሐፍ ካላችሁ ክረምት ሳይገባ ወደ ላይ አውጡት። ውኃ ከነካው 48 ሰዓት ገደማ አላችሁ፤ ከዚያ ሻጋታው ይጀምራል። ጭቃ ያለበትን መጽሐፍ ሳትከፍቱት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፤ አትፈግፍጉት። ጥቂት ከሆነ አቁማችሁ በአየር አድርቁ። ብዙ ከሆነ በከረጢት ወደ ፍሪዘር ላኩና ቀስ ብላችሁ ሥሩበት። ወረቀቱ አንጸባራቂ የሆነውን ከሁሉም አስቀድሙ፤ ገጾቹ ከተጣበቁ በኋላ አይላቀቁም።