የተማሪዎች ቡክሌት፦ የገጽ ቅንብር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቁጥሮቹ ሁሉ ለባለ 16 ገጽ ኤ5 ቡክሌት የሚሠሩ ናቸው፤ የጽሑፉ ፊደል 10 ፖይንት፣ የመስመር ርቀቱ 15 ፖይንት። አብዛኛው የግዕዝ ፊደል ሙሉ ቁመቱን ስለሚይዝ ርቀቱ 12 ሲሆን ገጹ ይታፈናል።

ቡክሌቱ ሲገለጥ የግራና የቀኝ ገጽ መስመሮች አይገጥሙም

በየቡድኑ የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው። ወረቀቱ ስስ ከሆነ የጀርባው ጽሑፍ በመስመሮቹ መካከል እያስተላለፈ ገጹን ያቆሽሸዋል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የኢንተር ቁልፍ ነው። ተማሪው ርዕሱን ከጽሑፉ ለማራቅ ኢንተር ይመታል፤ ባዶው መስመር የርዕሱን 18 ፖይንት ይዞ ይቀመጥና ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይገፋል። ከዚያ የቀኙን ገጽ ለማስተካከል እዚያም ኢንተር ይጨመራል። በመጨረሻው ቀን አራሚው ገጽ 3 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያስገባ እስከ ገጽ 12 ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ይህን በሌላ ኢንተር ለማቃናት የሚሞክር ቡድን ካያችሁ አስቁሙት።

መጀመሪያ የተደበቁ ምልክቶች እንዲታዩ አድርጉ። ሁለት ተከታታይ የአንቀጽ ምልክቶችን እየፈለጋችሁ በአንድ ተኩ፤ ፍለጋው ምንም እስኪያጣ ድገሙት። ከዚያ ክፍተቱ ሁሉ ከስታይል (ስም ተሰጥቶት ከተቀመጠ የአንቀጽ ቅርጽ) ይምጣ። የርዕስ ስታይል፦ ፊደል 18፣ የመስመር ርቀት 20፣ ከላይ 16፣ ከታች 9። ድምሩ 45 ነው፤ ልክ የሦስት መስመር ቦታ። ርዕሱ ሁለት መስመር ሲሆን ድምሩ 65 ስለሚሆን በግሪድ (በየ15 ፖይንቱ በተሰመሩ የማይታተሙ መስመሮች) የተያዘው ጽሑፍ እስከ 75 ይወርዳል፤ ከርዕሱ በታች 19፣ ከላይ 16 ይቀርና ርዕሱ ወደማይመለከተው አንቀጽ ይጠጋል። ለባለ ሁለት መስመር ርዕስ የተለየ ስታይል አውጡለት፤ ከላይ 26 ይሁን።

ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ቅንብር ፕሮግራም ላይ ግሪዱን (‹ቤዝላይን ግሪድ›) 15 አድርጉና የጽሑፉን ስታይል ብቻ እሱ ላይ አስይዙ። ርዕስና የፎቶ መግለጫ አይያዙ፤ በ11 ርቀት የተሠራ መግለጫ ግሪዱ ላይ ሲያዝ ወደ 15 ይበተናል። ጽሑፉ በድንገት እጥፍ ተራርቆ ከተገኘ አንድ ሰው የመስመር ርቀቱን ከ15 በላይ አድርጎታል ማለት ነው። 15.5 እንኳ ቢሆን እያንዳንዱ መስመር አንድ ግሪድ ይዘላል። ተማሪዎች ፋይሉ ተበላሸ ብለው እንደ አዲስ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው፤ መልሶ 15 ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የመስመር ርቀቱ ‹ሲንግል› ከሆነ ቁመቱን የሚወስነው ፎንቱ ነው። የላቲን ቃል ወይም በሌላ ፎንት የተጻፈ ቁጥር ያለበት መስመር ከጎረቤቶቹ ሊለይ ይችላል። ‹ኤግዛክትሊ› መርጣችሁ 15 ስጡ።

የጽሑፉን ቦታ 33 መስመር አድርጉ። 33 በ15 ሲባዛ 495 ፖይንት፣ ወደ 175 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤ5 ገጽ ቁመት፣ ከ210 ሚሊ ሜትር፣ የተረፈውን ከላይ 15፣ ከታች 20 አካፍሉት።

አራት ነጥብ ብቻውን መስመር ይጀምራል

ከፊቱ ክፍት ቦታ ተመትቷል። ፈልጋችሁ አጥፉ፤ ከነጠላ ሰረዝና ከድርብ ሰረዝ ፊት ያለውንም እንዲሁ። ኮለን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰልም ይቁም፤ ነጥቦቹ ከፊደሉ ውፍረት ጋር አይሄዱም።

ደማቁ ርዕስ ላይ የ‹መ› ዓይኖች ተደፍነዋል

ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ አላቸው። ወርድ ላይ የደማቅ ቁልፍ ሲጫን ፊደሉ በግድ ይወፍራል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እውነተኛ ደማቅ አለው፤ ርዕሱን በእሱ ሥሩ።

የተለጠፈው ጽሑፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ

ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት ከሚጋሩት ኮድ) በፊት በነበረ ፕሮግራም የተጻፈ ነው። ፎንት መቀያየር አይፈታውም። በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩትና ሙሉውን አንብቡ።

በቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት

ጠባብ ዓምድ በሁለቱም ጠርዝ ተስተካክሏል። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ኤ5 ላይ አንድ ዓምድ ይበቃል፣ ቀኙም ክፍት ይሁን።

ፎቶው ደበዘዘ

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ይላክ። በኢንች 300 ፒክሰል ጥራት 1200 ፒክሰል ወርድ ያለው ምስል ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ጥጉን እየጎተቱ ማስፋት አያድነውም።

ሲታተም ገጾቹ ተዘበራረቁ ወይም ጀርባው ተገለበጠ

አንድ ወረቀት ፊት ላይ የሚጋሩ ገጾች ድምር 17 መሆን አለበት፦ 16 ከ1፣ 2 ከ15። ፋይሉ ውስጥ ገጽ በእጅ አታዘዋውሩ፤ በተራ ቁጥር ፒዲኤፍ አውጡና የማተሚያው የቡክሌት ምርጫ ያሰናዳው። ጀርባው ከተገለበጠ ሁለት ገጽ ማተሚያውን በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ አድርጉ። ገጹ 14 ከሆነ 16 አድርሱት፤ ቁጥሩ ለ4 መካፈል አለበት።

ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል

ወፍራሙ ወረቀት ከቃጫው አቅጣጫ ጋር ተቃርኖ ታጥፏል። ቃጫው ከማጠፊያው መስመር ጋር ትይዩ እንዲሆን ወረቀቱን አዙራችሁ ቁረጡ። ወፍራም ወረቀት ወደ ውስጥም ከገባ መሃል ያሉት ገጾች ወደ ውጭ ይገፋሉና የገጽ ቁጥሩን ከጠርዝ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር አርቁት፤ አለበለዚያ ሲከረከም ይቆረጣል።