ታላቁን የኮራል ሪፍና የዴንትሪን ደን በአንድ ጉዞ ማየት፦ ዕቅዱ እንዴት ይወጣል?

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ኮራሉን ሳናይ ተመለስን። እኔና ባለቤቴ ከሜልቦርን በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ እስካለችው ኬርንስ ከተማ ድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል በረን። ሦስት ቀን ጫካ ለጫካ ዞርን። ባሕሩን ለመሰናበቻ ይሁን ብለን ወደ አራተኛው ቀን ገፋነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ስንደርስ ነፋሱ በርትቷል፣ ዛሬ ጀልባ አይወጣም ተባልን። ማታ አውሮፕላናችን ነው። ባለቤቴ አዲስ የገዛችውን ስኖርክል (ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ መተንፈሻ ቱቦ) በፌስታል እንደያዘች ወደ ሆቴል ተመለሰች።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ስትመጣ ይዘናት ሄድን። ያኔ ቀኖቹን ገለበጥናቸው። ባሕሩ መጀመሪያ፣ ደኑ ኋላ። ለዚህ ጉዞ ከምነግራችሁ ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሌላው በዚህ ዙሪያ የሚሰካ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

ታላቁ የኮራል ሪፍ በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ዳርቻ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ሪፍ ማለት ከባሕር ሥር ያለ የኮራል ቋጥኝ ነው፤ አንድ ወጥ ግንብ ግን አይምሰላችሁ። ወደ 3,000 የሚጠጉ ትላልቅና ትናንሽ ሪፎች ተሰባስበው ነው ታላቁ የተባለው። በ1981 (ዓመቱንም ወሩንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከባሕሩ ፊት ለፊት ተራራውን ተጠግቶ የቆመው፣ ዴንትሪን የሚጨምረው የዝናብ ደን ደግሞ በ1988 ተመዘገበ። ኬፕ ትሪቢውሌሽን በሚባለው ቦታ ሁለቱ ቅርሶች ይገናኛሉ። ከዛፉ ሥር ተነስታችሁ አሸዋውን ከተሻገራችሁ ባሕር ነው።

ጎን ለጎን መሆናቸው ያለምክንያት አይደለም። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። ከኬርንስ በስተደቡብ ያለው የቤለንደን ኬር ተራራ አናት በዓመት በአማካይ 8,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። የአዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው፤ አስቡት። ያ ሁሉ ውኃ በወንዝ ተመልሶ ባሕር ይገባል። ደኑ አፈሩን ካልያዘው ደለሉ ኮራሉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንዱን አይቶ ሌላውን መተው ግማሽ ታሪክ ሰምቶ መነሳት ነው።

ወሩን ምረጡ

እዚያ የዝናቡ ወቅት በግምት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ከባዱ ዝናብና አውሎ ነፋሱም ያኔ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው። እኛ አገር ክረምቱ ሲገባ እዚያ ሰማዩ ይጠራል ማለት ነው።

ግን ደረቅ ወር ሁሉ እኩል አይደለም። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ይበረታል፣ ባሕሩም ይናወጣል። የኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ውኃው መሞቅ ይጀምራል፣ ነፋሱ ይለዝባል። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ የኩዊንስላንድ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ሆቴል ይወደዳል፤ የዕረፍቱን ሁለት ሳምንት ዝለሉት።

ከኅዳር እስከ ግንቦት በባሕሩ ዳርቻ አደገኛ ጄሊፊሽ አለ። ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ሰው ይገድላል። ኢሩካንጂ የሚባለው ደግሞ የጥፍር ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ ውስጥ በዓይን ለመለየት ይቸግራል። በዚያ ወቅት ከሄዳችሁ መረብ በታጠረ ቦታ ብቻ ዋኙ፣ ጀልባ ላይ የሚሰጣችሁን ሙሉ ልብስ ልበሱ። በየባሕር ዳርቻው ምሰሶ ላይ ጠርሙስ ታያላችሁ። ውስጡ አቼቶ ነው፤ ለተነደፈ ሰው ወዲያው የሚፈስ።

ቪዛ፣ ቢጫ ካርድና ሻንጣ

ቪዛውን የሚወስነው የያዛችሁት ፓስፖርት እንጂ የምትኖሩበት አገር አይደለም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በስልክ መተግበሪያ ያወጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው 20 የአውስትራሊያ ዶላር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው ኢቪዚተር የሚባለውን በነፃ ያገኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን፣ ዱባይም ይኑር አዲስ አበባ፣ የጎብኚ ቪዛ 600 የሚባለውን መጠየቅ አለበት። የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ተመልሶ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳልና ቪዛው ሳይያዝ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን በእጁ ይያዝ። ሲገባ ይጠየቃል።

ሻንጣው ላይ ጠንቀቅ በሉ። አውስትራሊያ ምግብ፣ ዘርና እንጨት ነክ ዕቃ ላይ እጅግ ጥብቅ ናት። ቋንጣና ቅቤ ቤት ይቅሩ። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ መግቢያ ካርዱ ላይ "ምግብ ይዣለሁ" ብላችሁ ሙሉ። እናቴ አምስት ኪሎ በርበሬ ይዛ መጥታ አስመዘገበች። ከፍተው አዩ፣ አሸተቱ፣ መለሱላት። ሳያስመዘግብ የተገኘ ግን ከባድ ቅጣት አለበት፣ ቪዛው እስከመሰረዝም ሊደርስ ይችላል።

ቀኖቹን ደልድሉ

ቢያንስ አምስት ሙሉ ቀን ያዙ። መነሻችሁ ኬርንስ ነው። የአገሬው ሰው "ካንስ" ነው የሚለው፤ ታክሲ ላይ ግራ እንዳይገባችሁ። ከእሱ በስተሰሜን 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፖርት ዳግላስ አለ። መንገዱ ባሕሩን እየታከከ ይሄዳል። ኬርንስ ርካሽና ምቹ ነው፣ ከተማው ፊት ግን ያለው ጭቃ እንጂ የመዋኛ አሸዋ አይደለም። ፖርት ዳግላስ ለሁለቱም ይቀርባል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። እኛ ሁለት ሌሊት ኬርንስ፣ ሦስት ሌሊት ፖርት ዳግላስ አደርን። አልተጸጸትንም።

የመጀመሪያው ቀን ለእንቅልፍ ነው። ሁለተኛው ቀን ባሕር። ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዉት። ነፋስ ተነስቶ ጀልባው ከቀረ ባሕሩን ወደ ሦስተኛው ታዛውራላችሁ፤ ካልቀረ ታርፋላችሁ ወይም ደኑ ጫፍ ላይ ወዳለችው ሞስማን ትሄዳላችሁ። አራተኛውና አምስተኛው የደኑ ናቸው።

ይህ ቅደም ተከተል ሌላም ጥቅም አለው። የታመቀ አየር ጋን ተሸክማችሁ ጠልቃችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን መሳፈር አይመከርም። በጥልቀት ሳላችሁ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሊሆን ይችላል። ከጠለቃችሁ በዚያው ቀን ተራራ ላይ ወዳለችው ኩራንዳም አትውጡ። ደኑ በኋላ ሲመጣ ሰውነታችሁ በራሱ ጊዜ ያገኛል።

ጀልባውን ስትመርጡ

"የውጪው ሪፍ" የሚባለው ሩቁ ነው፤ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ውኃው የጠራ፣ ኮራሉም የበዛ እዚያ ነው። ግሪን ደሴት ከኬርንስ 27 ኪሎ ሜትር ብቻ ነች፣ ለሕፃናትና ባሕር ለሚያጥወለውለው ሰው ትመቻለች። ጉዞው ለውጪው ሪፍ በአንድ ሰው ከ200 እስከ 300 የአውስትራሊያ ዶላር አካባቢ አስቡ። ምሳና ስኖርክል ብዙ ጊዜ ዋጋው ውስጥ አለ። ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ በተለይ በነሐሴ ከሄዳችሁ ፍልሰታ ስለሆነ፣ ቦታ ስትይዙ "ቪጋን" ብላችሁ አስመዝግቡ። ጀልባው ላይ የሚቀርበው ዓሣና ሽሪምፕ የሞላበት ነው።

ብዙዎቻችን ደጋ ያደግን ነን፣ ዋና አንችልም። በዚህ አትቅሩ። ባሕሩ ላይ እንደ መድረክ የቆመ ተንሳፋፊ ጣቢያ ያለውን ጉዞ ምረጡ። ከደረጃው ቁጭ ብላችሁ ፊታችሁን ብቻ ውኃ ውስጥ መንከር ይቻላል፣ ተንሳፋፊ ጃኬትም ይሰጣችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት ገንዳ ሄዳችሁ በስኖርክል መተንፈስ ተለማመዱ። ቤት በሳፋ ውኃም ይጀመራል። ኬርንስ ባሕር ዳር ላይ በነፃ የሚዋኙበት ትልቅ ገንዳ አለ፤ እኔ የመጨረሻውን ልምምድ እዚያ አደረግኩ።

ጀልባው ላይ የጤና ቅጽ ይሰጣችኋል። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ወይም ዕድሜያችሁ ከገፋ በእውነት ሙሉ። አያባርሯችሁም። ጠባቂዎቹ ከሩቅ እንዲለዩዋችሁ ቀለሙ የተለየ ስኖርክልና ተንሳፋፊ ነገር ይሰጧችኋል። ይህን ደብቆ ውኃ የገባ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል።

ከዋዜማው ጀምሮ የነፋሱን ትንበያ እዩ። ከ15 ኖት (የባሕረኞች የፍጥነት መለኪያ) በታች ከሆነ ደስ ይላል። ወደ 25 ከተጠጋ ብዙ ሰው ያስመልሰዋል። የማጥወልወል ክኒኑን ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ዋጡት፤ ጀምሯችሁ ከዋጣችሁት አይሠራም። ከኋላ ተቀመጡ፣ አድማሱን እዩ፣ ስልካችሁን አትዩ። ከክሬም ይልቅ እጅጌው ረጅም የመዋኛ ልብስ ይሻላል፣ ለቆዳም ለኮራሉም።

ውኃ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያስገርመው ድምፁ ነው። ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ አይደል? ልክ እሱ ነው። ጥቃቅን ሽሪምፖች ጥፍራቸውን ሲያጮሁ ነው። በመሃል ቀርጨም የሚል ከሰማችሁ በቀቀን ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ ነው። ቀለሙ ግን ፖስተር ላይ እንዳያችሁት ላይሆን ይችላል። ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ስለሚውጠው ወደ ታች ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል።

እናቴ ውኃ አልገባችም፤ ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ላይ ተቀመጠች። አስጎብኚዋ ኮራል እንስሳ ነው፣ እያንዳንዷ ቀዳዳ ውስጥ አፍና እጆች ያሏት ፍጥረት እንዳለች ነገረችን። ለእናቴ ተረጎምኩላት። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችና "ድንጋዩ ነፍስ አለው ማለት ነው?" አለችኝ። አለው። በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው የሚመግቡትም ቀለም የሚሰጡትም። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ሰፊ መንጣት ደርሷል። የነጣ ካያችሁ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ ባሕር የተማሩ ባለሙያዎች ያሉባቸው ጀልባዎች አሉ፣ በደስታ ያስረዳሉ። እናንተ ግን አትንኩት፣ አትቁሙበት። አንድ የእግር ርግጫ የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል።

ደኑ

ከሞስማን ገደል ጀምሩ። ቦታው የምሥራቃዊ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ነው። የዴንትሪ ብሔራዊ ፓርክ በ2021 በሕግ ለእነሱ ተመልሷል፣ አሁን ከኩዊንስላንድ መንግሥት ጋር አብረው ያስተዳድሩታል። ራሳቸው የሚመሩትን የእግር ጉዞ ክፈሉበት፤ ይገባዋል። ሲጀመር እሳት ይነዳል፣ ቅጠል ይደረግበታል፣ በጭሱ ዙሪያ ትዞራላችሁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ጭሱ ዘርግታ ታጠነች። ማንም አልነገራትም። ሽማግሌው አይቷት ፈገግ አለ።

በማግስቱ የዴንትሪን ወንዝ ተሻገሩ። ድልድይ የለም፤ በገመድ የሚጎተት ጀልባ መኪናችሁን ጭኖ በደቂቃዎች ያሻግራል። መኪና ከተከራያችሁ እዚያ አገር የሚነዳው በግራ ነው፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ቀስ በሉ። መንጃ ፈቃዳችሁ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ዓለም አቀፉን ከአገራችሁ አውጡ። ከወንዙ ማዶ የስልክ መረብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ውኃና የትንኝ መከላከያ ያዙ። አስፋልቱ ኬፕ ትሪቢውሌሽን ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ፎር ዊል ከሌላችሁ ተመለሱ።

በእንጨት የተሠሩ መሄጃዎች አሉ፤ ማርጃና ዱቡጂ የሚባሉት አጫጭርና ውብ ናቸው። ከመሄጃው አትውጡ። ጂምፒ ጂምፒ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው። ሳማ የምታውቁ ከሆነ እሱን ብዙ እጥፍ አድርጉት። ሕመሙ ለወራት ሊመላለስ ይችላል። ወንዝና ባሕር ዳር ደግሞ አዞ አለ። ምልክት ቢኖርም ባይኖርም ከውኃው ጠርዝ አምስት ሜትር ራቁ፣ ልጆችን በእጃችሁ ያዙ። አዞውን ማየት ከፈለጋችሁ ዴንትሪ ወንዝ ላይ የጀልባ ጉብኝት አለ።

ይህ ደን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1971 አንድ እርሻ ላይ ከብቶች ሞቱ። ሆዳቸው ሲከፈት ማንም የማያውቀው የሚመስል ትልቅ ፍሬ ተገኘ። የኢዲዮስፐርመም ዛፍ ፍሬ ነበር፤ ጠፍቷል ተብሎ የተተወ፣ የዘር ሐረጉ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ዛፍ። አስጎብኚ ካላችሁ አሳዩኝ በሉት።

የምትመለሱት ሳይጨልም ይሁን። ሲመሽ መንገዱ ላይ እንስሳ ይወጣል፣ ከሁሉም ካሶዋሪ። ሁለት ሜትር ሊደርስ የሚችል የማይበር ወፍ ነው፣ የእግሩ ጥፍር ጩቤ ማለት ነው። በእግር ስትሄዱ ካጋጠማችሁ አትሩጡ፤ ቦርሳችሁን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ቀስ በሉ። እኛ ስንመለስ አንዱ ከቅጠሉ ውስጥ ወጥቶ አስፋልቱ መሃል ቆመ። ከኋላው ሦስት ባለ መስመር ጫጩቶች። ሞተሩን አጠፋሁ። "እናትየዋ ናት?" አለች እናቴ በሹክሹክታ። አባትየው ነው አልኳት፤ ካሶዋሪ ላይ እንቁላሉን የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም አባት ነው። የመጨረሻው ጫጩት ዘግይቶ ነበር። አባትየው እስኪደርስ ድረስ ጠበቀው፣ እኛም ጠበቅን።