የራይት ወንድማማቾችን ሞተር በሩብ መጠን እንዴት እንሥራ?

በ1903 እ.ኤ.አ. የበረረው የራይት ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋትም የፒስተኑ ምልልስም 101.6 ሚሜ ስለሆነ በሩብ ሲሠራ ሁለቱም 25.4 ሚሜ ይሆናሉ። የማስገቢያ ቫልቮቹን ካም (ቫልቭ የሚገፋው ጉብታ ያለው ዘንግ) አይነካቸውም፤ የሚከፈቱት ፒስተኑ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ ነው። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ፣ ግን ለማንም አይራራም። የራይቶች መካኒክ ቻርሊ ቴይለር የዋናውን ሞተር ክራንክሻፍት ያወጣው ከአንድ ወፍራም ብረት ነው፦ ዙሪያውን በትራፓኖ በሳስቶ፣ ትርፉን በመሮ መትቶ አውጥቶ በቶርኖ ጨረሰው። ለሞዴሉም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። 220 በ40 በ12 ሚሜ ብረት ይበቃል፤ በቀዝቃዛው ተስቦ የተሠራ ብረት ግን አትግዙ፣ ጎኑ ሲቆረጥ ይጣመማል።

ምንም ሳትቆርጡ በሁለቱም ጫፍ ቶርኖው ብረቱን የሚይዝባቸውን ሦስት ሦስት የመሃል ነጥቦች ብሱ፦ አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከእሱ 12.7 ሚሜ ግራና ቀኝ። የ1ኛውና የ4ኛው ሲሊንደር ክንድ (የፒስተኑ ዘንግ የሚያያዝበት ክብ) በአንዱ የጎን ነጥብ መስመር፣ የ2ኛውና የ3ኛው በሌላው ይሆናል። የሁለቱ ጫፍ ነጥቦች ፊት ለፊት ካልተገጣጠሙ ፒስተኖቹ ይይዛሉ፤ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

አስቀድማችሁ ክንዶቹን፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን ዘንግ አዙሩ። ዘንጉ ቀድሞ ከቀጠነ ሁሉም ነገር ይወዛወዛል። አንዱን ክንድ ስታዞሩ ክፍት የሆኑትን ቦታዎች ልክ በሆነ የአልሙኒየም ቁራጭ ሙሉ፤ በመዶሻ አታስገቡት። ባዶ ከተተወ የቶርኖው ግፊት ክፍተቱን ያጠበዋል፣ ስታወርዱት ደግሞ ተመልሶ ይላቀቅና ዘንጉ ይጎብጣል። በየቦታው 0.5 ሚሜ አስተርፉ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ጨርሱ። ጉብጠቱን ሰዓት በሚመስለው ባለ ቀስት መለኪያ እንጂ በርካሽ ዲጂታል ካሊፐር አትፈትሹ። ከ0.02 ሚሜ ካለፈ ዘንጉን የሚሸከሙት አምስቱ ብሮንዞች ይግላሉ።

ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ከጊዛ (ቀልጦ ከሚፈስ ብረት) ሥሩ። ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ያለ ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አስገብታችሁ ከጀርባው መብራት አብሩ፤ ከአፉ፣ ማለትም ሁለቱ ጫፎቹ ከሚገናኙበት ክፍተት፣ ሌላ ብርሃን የሚያሳልፍ ፋሻ ይጣል። የአፉ ክፍተት 0.1 ሚሜ ያህል ይሁን።

የማስገቢያ ቫልቩ ሞላ ልክ በሩብ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። በአፋችሁ ስትስቡ ቫልቩ መከፈት አለበት። ከጠነከረ ሞተሩ ቤንዚን አይስብም፤ ከላላ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ዘግይቶ ይዘጋና ወደ ኋላ ይተፋል።

ዋናው ሞተር በካንዴላ ፋንታ ሲሊንደሩ ውስጥ ተነካክቶ የሚላቀቅ መቀጣጠያ ነበረው። በዚህ መጠን አትልፉበት፤ ትንሿን የሞዴል ካንዴላ ግጠሙ። የካም፣ የጊርና የቮላኖ (የከባዱ መሽከርከሪያ ጎማ) ሥራ የተለመደው ነው።

በዋናው ሞተር ውሃው የቫልቮቹን ክፍል ስለማያቀዘቅዝ ሲነሳ 16 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወዲያው ወደ 12 ይወርድ ነበር። ሞዴሉም አንድ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ከደከመ ካርቡሬሽኑን (የአየርና የቤንዚን ድብልቁን) አትነካኩ፤ ቤንዚኑን ዘግታችሁ አቀዝቅዙት።