«ካልተጨነቅኩ አላጠናም» የሚሉ ተፈታኞች የሚሠሯቸው ስህተቶች

«እኔ ካልተጨነቅኩ አላጠናም።» የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆናችሁ ይህን ሳትሉ አትቀሩም፤ እናንተ ባትሉት አጠገባችሁ የተቀመጠው ብሎታል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ፈተናው ደረሰ የሚል ስጋት ስልክ አስቀምጦ ደብተር ያስከፍታል። ደብተሩ ከተከፈተ በኋላ ላለው ሥራ ግን እምብዛም አይረባም።

ጭንቀት በጨመረ ቁጥር ውጤትም ይጨምራል ማለት

እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስ እና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦችን ነጭና ጥቁር ሳጥን እንዲለዩ አሠለጠኑ። የተሳሳተችውን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ ንዝረቱ በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። መለየቱ ሲከብድ ግን ኃይለኛው ንዝረት ትምህርቱን አዘገየው፤ መጠነኛው ተሻለ።

ሰው አይጥ አይደለም፤ ቢሆንም ነገሩ ለተፈታኝ እንግዳ አይመስለኝም። ተጨንቆም ቢሆን ማስታወሻ መገልበጥ ወይም ትርጉም መሸምደድ ይቻላል። የፊዚክስ ጥያቄ ሲመጣ ግን የተሰጠውን፣ የተጠየቀውንና ቀመሩን አንድ ላይ በአእምሮ መያዝ ግድ ነው። «ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ ያንኑ ቦታ ይሻማል። ቤታቸው የሠሩት ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ ድርግም የሚልባቸው ልጆች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም።

መጨነቅን እንደ ማጥናት መቁጠር

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ገጹ ያው ገጽ ነው። ሐሳብ የሄደው ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ጋ ነው። ተማሪው ሲነሳ ይደክመዋል፤ ስለደከመው ያጠና ይመስለዋል። ደብተሩን ዘግቶ ያነበበውን ባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ወይም ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች አምስት ጥያቄ ይሥራ። ምንም ካልወጣ እውነቱን ያውቀዋል።

ሌሊቱን በቡናና በጫት መግፋት

ቀን የተጠናው ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ቡናውም ጫቱም ልብ ያስመታሉ፤ ለተጨነቀ ሰው ደግሞ የልብ ምቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው።

ወላጅ በማስፈራራት ሲያስጠና

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እራት ላይ ይነሳል፣ «የነእንትናን ልጅ አታይም?» ይጨመርበታል። ልጁ ግን ቁጥሩን ከወላጆቹ ቀድሞ በቴሌግራም አይቶታል። በላዩ ላይ ሲያስፈራሩት የከበደውን ምዕራፍ መደበቅ ይጀምራል፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ደግሞ እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። «ዛሬ የቱ አስቸገረህ?» ብሎ መጠየቅና የሚያስረዳው ሰው መፈለግ ይሻላል። ተፈታኟ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቡና ማፍላቱንና ዕቃ ማጠቡን ሌላ ሰው ቢረከባት ከመቶ ምክር ይበልጣል ባይ ነኝ።

«አትጨነቅ» ብሎ ማለፍ

በትእዛዝ የቆመ ጭንቀት የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ፈተና ከመጀመራቸው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩ ተማሪዎች ካልጻፉት የተሻለ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ልባቸው ሲመታ ለራሳቸው «ተረጋጋ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት በንግግርም በሒሳብም በልጠዋል። ተአምር አትጠብቁ፤ ያልተጠና ምዕራፍ በዚህ አይሞላም። ግን ወጪ የለውም። ከቤቱ ርቆ፣ ያለ ስልክ፣ በማያውቀው የዩኒቨርሲቲ ዶርም ለሚያድር ተፈታኝ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ቅርብ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሕመሙን ትጋት ብሎ መጥራት

ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካልወረደ፣ በትንሹ በትልቁ እንባ ከመጣ፣ ይሄ ለጥናት የሚያነሳሳ ጭንቀት አይደለም። «ፈተናው ይለፍና» ተብሎም አይቆይም። ለሚያምኑት መምህር ወይም ለቤተሰብ ነግሮ፣ ካልቀለለ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።