የአሮጌ ሸራ ጀልባ ቼይንፕሌት ሲበላ እንዴት ነው የሚቀየረው

አሮጌ ሸራ ጀልባ ያላችሁ ወይ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከሞተሩም ከሸራውም በፊት ቼይንፕሌቱን እዩልኝ። ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው የያዙት ሽቦዎች የሚታሰሩበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ጫፉ ብቻ ከዴኩ (ከጀልባው የላይ ወለል) በላይ ይታያል፣ ሌላው ዴኩን በስቶ ወርዶ ውስጥ ግድግዳው ላይ በቡሎን ይታሰራል። እሱ ከተበጠሰ ምሰሶው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የኔዋ በፈረንጆቹ 1979 የተሰራች 30 ጫማ ናት፣ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባህረ ሰላጤ ላይ ነው የማቆማት። ስገዛት ብረቱ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ትንሽ ቡናማ ነገር ብቻ ነበረው፣ ስነቅለው ግን ዴኩ ውስጥ የተቀበረችው ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ጠቁራና ተቦርቡራ አገኘኋት። ስቴንለስ አይዝግም ሲባል ሰምተን ነው የምንዘናጋው። የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፣ ሽፋኑ ሲጫር ራሱን የሚጠግነው ደግሞ ኦክስጅን ካገኘ ነው፣ ዴኩ ውስጥ ጨዋማ ውሀ ገብቶ ሲታቆር ኦክስጅኑ ያልቅና ብረቱ እዛው ጨለማው ውስጥ ይበላል። ስለዚህ የሚታየውን ወልውሎ መተው ምንም አይጠቅምም፣ መነቀል አለበት።

ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ፣ አንድ በአንድ ብቻ ፍቱ፣ ሁለት ባንዴ እንዳትሞክሩ። የግራውን ስትፈቱ ሸራ መስቀያውን ገመድ ከምሰሶው ጫፍ አውርዳችሁ እዛው ግራ በኩል ጠንካራ ቦታ ላይ አስራችሁ በዊንች (በገመድ መወጠሪያው) ወጥሩት፣ ሽቦውን የሚተካው እሱ ነው። ተርንበክሉን (ሽቦውን ከቼይንፕሌቱ ጋር አያይዞ የሚወጥረውን ጠመዝማዛ ማጥበቂያ) ከመፍታታችሁ በፊት ስንት ጥርስ እንደወጣ ለክታችሁ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ምሰሶ ላይ ማንም አይውጣ።

ከወጣ በኋላ በአሴቶን አጽዱትና ቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያና ዴኩን የሚያልፍበትን ቦታ በማጉያ መነጽር እዩ። ስንጥቅ ከጠረጠራችሁ የብየዳ እቃ የሚሸጡ ቤቶች ቀይ የስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም አላቸው፣ ትቀባላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠርጉና ማሳያውን ነጭ ስፕሬይ ትነፉበታላችሁ፣ ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁን ላስበይደው እንዳትሉ፣ ሙቀቱ ብየዳው አጠገብ ያለውን ብረት ይባስ ለዝገት ያጋልጠዋል። እንደኔ እንደኔ ከ30 አመት በላይ ያገለገለ ከሆነ ባይሰነጠቅም ቀይሩት።

አሮጌውን ይዛችሁ ማሽን ሾፕ ሂዱና በ316 ስቴንለስ አሰሩ፣ 316 ሞሊብደነም ስላለበት ጨውን ከ304 የተሻለ ይችላል። ወፈር ላድርገው ካላችሁ ተርንበክሉ አፍ ውስጥ መግባቱን አስቀድማችሁ ለኩ። ቡሎኑና ዳዶውም አዲስ ይሁን፣ አሮጌ ቡሎን መልሶ ማሰር ስራውን በሙሉ ገደል መክተት ነው።

አሁን ሰው የሚዘለው ነገር፣ እንጨቱ። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፣ በካቻቢቴ ውጉት፣ ከገባላችሁ በስብሷልና መጀመሪያ እሱ ይሰራ፣ የበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ብረት ምንም አይይዝም። ዴኩ ራሱ በሁለት ፋይበርግላስ መሀል ባልሳ እንጨት ያለበት ከሆነ ቀዳዳው ዙሪያ እርጥቡን እንጨት ቆፍራችሁ አውጡ፣ በደንብ ይድረቅ (የኔ ሳምንታት ፈጅቷል)፣ ከዛ በወፍራም ኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ሙሉና ሲደርቅ ቀዳዳውን እንደገና ክፈቱ። እንደዛ ከሆነ ነገ ውሀ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም።

ስትመልሱት የቀዳዳውን የላይ ጠርዝ ትንሽ አስፍታችሁ ቡታይል ቴፕ (ለስላሳ የሚያጣብቅ የጎማ ማሸጊያ) ብረቱ ዙሪያ ጠምጥሙ፣ ከላይ ቀዳዳውን የምትከድነውን ሽፋን ስታጠብቁ ይጨመቅና ይሞላዋል፣ የተረፈውን በማግስቱ ቁረጡ። እንደ ሙጫ ይዞ የማይለቅ ማሸጊያ አትጠቀሙ፣ ቀጣዩ ፍተሻ ላይ ዴኩን ይዞባችሁ ይነሳል። ሽቦውን በጻፋችሁት ልክ መልሱ፣ አዲስ ኮተር ፒን (እንዳይፈታ የሚቆልፈውን የሽቦ ፒን) አስገቡ።

ከዛ አንድ ሰው በጎማ ውሀ ይልቀቅበት፣ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ በባትሪ አብሩና ደረቅ ሶፍት ብረቱ ስር ያዙ። ሶፍቱ ከራሰ ሽፋኗን ፈታችሁ ቡታይሉን ድገሙት።